ዘይት የነካው አተር

ቤቴ መጥቶ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ ያቀረብሁለትን ዳቦ እየቆረሰ ነው እንዲህ ያለው፦ «ቁጥሩን ዝቅ አድርጊውና ይገጥማል። ማን መጥቶ ሊለካብሽ ነው?»

ሰውየው የእህቴን ልጅ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ያለውም ለእሷ ነው። እኔ የጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። ያ ንግግር ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ የያዝሁትን ሥራ ጥየ እነሣለሁ። አንዳንዱ ነገር ሲያወሩት ሲያወሩት እየለዘበ ይሄዳል። ይኸ እንዲለዝብብኝ ስለማልፈልግ ነው የምጽፈው።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቸ አላውቅም። ፊደል የለቀምሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ወረታ መገንጠያው ላይ ከሚቆሙት አውቶቡሶች ግንባር ነው። «ጎንደር»፣ «ደብረ ታቦር»፣ «ባሕር ዳር» የሚለውን መጀመሪያ እየገመትሁ፣ ኋላ እያነበብሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖርሁ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ለትምህርት ከገጠር መጥታ እኔ ጋ ስትቀመጥ፣ ማታ ማታ ደብተሯን አብሬ አነብ ነበር። ያልገባኝን እጠይቃታለሁ፤ እሷም ሳትሰለች ታስረዳኛለች። እንዲያ እንዲያ እያልን የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች፤ ሁለተኛውንም ጀመረች። ትምህርቷ የማሽን ነው።

የያዘችው ሥራ እንዲህ ነበር። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ የሞላባት ከተማ ናት። ሩዙ አፉ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ በሆነ የብረት ሣጥን ይገባና ወደ ማሽኑ ይወርዳል። አንዳንዴ ታዲያ ጉሮሮው ላይ እርስ በርሱ ይደጋገፍና ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ሠራተኛው በዱላ ሣጥኑን ይደበድባል፤ የቸኮለው ደግሞ እጁን ይሰዳል። ልጅቷ የፈለገችው፣ ብረት ሳይቆረጥ በፊት ሣጥኑን ኮምፒውተር ውስጥ ሠርቶ፣ እህሉንም እዚያው ፍሬ በፍሬ አፍስሶ፣ የቱ ቅርጽ እንደሚታነቅ የቱ እንደማይታነቅ ማየት ነው።

«ታዲያ ኮምፒውተሩ እውነቱን ለመናገሩ ምን ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«እሱን ነው የማጣራው አክስትየ። ሩዝ ረጅም ነው፤ አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ በድብልብል ነገር እፈትነዋለሁ። ድብልብል ነገር ላይ ከዋሸ ረጅሙ ላይ ማን ያምነዋል?»

ድብልብሉ ነገር አተር ሆነ። አተሩን ደግሞ የለካችው እኔ ቤት፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው። ለምን ብትሉ፣ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ነበረው፤ ግን ከመጣበት ሣጥን አልወጣም። ቁልፍ ያዡን ስትጠይቅ ኃላፊው ይፍቀድ ይላል፤ ኃላፊውን ስትጠይቅ ስብሰባ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ለመማር ስትለምን ከርማ፣ መሣሪያው ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጦ፣ እሷ ከሰው ካሊፐር ተውሳ፣ ከወርቅ ሠሪ ሚዛን ለምና ሥራዋን ጀመረች። ይኸም ያናድደኛል። ግን የባሰው ስለመጣ ይኸን ረስቸው ነበር።

ካሊፐር ማለት ሁለት መንጋጋ ያለው መለኪያ ነው። አተሩን በመንጋጋው ያዝ ታደርግና ውፍረቱን ታነባለች፤ እንደገና በሌላ ጎኑ አዙራ ትይዘዋለች፤ ፍጹም ድብልብል የሆነ የለማ። ከዚያ ትመዝነዋለች። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከታ ውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ታያለች፤ ፈጠን ብላ ካላወጣችው በቆልት መሆኑ ነው። ብረት ላይ ከላይ ጥላ ምን ያህል እንደሚነጥር በስልኳ ትቀርጻለች። ደስ የሚለኝ ግን የሸርተቴው ነበር። ሦስት አተር ካርቶን ሥር በሙጫ ታጣብቃለች፤ እንዳይንከባለሉ ነው፣ እንዲንሸራተቱ ብቻ። ካርቶኑን ጣውላ ላይ ታስቀምጥና ጣውላውን ቀስ እያለች ታነሣዋለች። ካርቶኑ መንሸራተት በጀመረበት ቅጽበት ጣውላው ምን ያህል እንዳዘነበለ ትጽፋለች። አተር በአተር ላይ ምን ያህል እንደሚይዝም እንዲሁ ትለካለች፤ ጣውላው ላይ አተር ደርድራ በሙጫ ታስይዝና።

ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። አንድ ሽንኩርት ሳትሸጥ ከገበያ ብትመለስ እንኳ ሳታስቀን የማትገባ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«ልጅት፣ እንዲያው ተምረሽ ተምረሽ አተር ገባሽ?»

«ገባሁ እትየ።»

«አንዱን ለብቻው ይዘሽ ስታገላብጭው ሌሎቹ ቅር አይላቸውም?»

«ተራቸውን ይጠብቃሉ።»

«እኛስ ተራችን መቸ ነው? ውፍረቴን ለክተሽ ለዩኒቨርሲቲው ብትልኪልኝ!»

እንዲህ እየተሳሳቅን ልጅቷ የየፍሬውን ልኬት ጨረሰች። የቀረው ትልቁ ነገር ነበር፦ ክምሩ። ታችና ላይ የሌለው ቱቦ ወረቀት ላይ ታቆማለች፤ አተር ትሞላበታለች፤ ከዚያ ቱቦውን በዝግታ ወደ ላይ ትስበዋለች። አተሩ ይፈስና ክምር ይሠራል። የክምሩ ጎን ምን ያህል ቁልቁል እንደሆነ ይለካል። ኮምፒውተሩም የለካችውን ቁጥር ብቻ ተነግሮት የራሱን ክምር ይሠራል። ሁለቱ ክምሮች ከተቀራረቡ ኮምፒውተሩ ይታመናል ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሥራዋን ካላስረከበች፣ ረዳት መምህርነት ተይዞላት የነበረው ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይኸን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ጎረቤቴም ጭምር።

ክምሩን ከመሥራቷ በፊት ግን ለአንድ ጉዳይ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደች። እኔም ይፋግ ዘመድ ሞቶብኝ ለቅሶ ሄድሁ። ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠሁ፤ የአተሩ ከረጢት ሳሎን ውስጥ ነበር።

ስንመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ከረጢቱ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ልጅቷ ቱቦውን አቆመች፤ ሞላች፤ ሳበች። አተሩ ተዘርግቶ ቀረ። ክምር ከማለት ምንጣፍ ማለት ይቀላል። ደገመች፤ ያው። ኮምፒውተሩን አስነሣችው። መብራት ጠፋ፤ ጠበቀች፤ መጣ። እሱ ደግሞ ከፍ ያለ፣ እንደ ጎጆ ጣራ የሾለ ክምር ሠርቶ አሳያት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ቀለም የተቀቡት ትንንሽ ኳሶች ስክሪኑ ላይ ተከምረው፣ እውነተኛው አተር ወረቀት ላይ ተዘርሮ፣ ልጅቷ አንዴ ያን አንዴ ይኸን ታያለች።

መምህሯ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የሩዝ መፈልፈያዎቹ ጋ ጉዳይ ነበረውና በዚያው ጎራ አለ። ከደጅ ወጥቸ ተቀበልሁት፤ የሚገባውን አክብሮት ሰጠሁት። ገባና ዙሪያውን አይቶ ሳቀ።

«ላቦራቶሪሽ ይኸ ነው?»

«እዚያ ያለው አልተከፈተልኝም መምህር።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ዳቦ አቀረብሁለት። ሁለቱን ክምሮች አሳየችው። ሁሉንም እንደገና ለክታ ምክንያቱን መፈለግ እንደምትፈልግ፣ ጥቂት ቀን እንዲሰጣት ለመነችው። ያን ጊዜ ነው ዳቦውን እየቆረሰ ቁጥሩን ዝቅ አድርጊው ያላት። የመንሸራተቱን ቁጥር ክምሩ እስኪዘረር ድረስ ትቀንስለታለች፤ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ አለቀ።

«መምህር፣ ውጤቱን አይቸ ቁጥሩን ካስተካከልሁት ምን አረጋገጥሁ ይባላል?»

«ተመረቅሁ ይባላል» አለ።

እኔ መታገሥ አቃተኝ። «ጌታየ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅቷ የጻፈችው የለካችውን ነው» አልሁ።

ዞር ብሎ አየኝ። «እናቴ፣ ይኸ የሽሮ ጉዳይ አይደለም።»

ዳቦዬን ጎርሶ ነው እንዲህ ያለኝ!  ወረታ ገበያ ላይ በጣሳ ስትሰፍር አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ የከተተች ሴት ብትገኝ ገበያው ሁሉ ይጮህባታል፤ ለሳምንት ቀና ብላ አትሄድም። እሱ ግን አውራ ጣትሽን ክተች ብሎ መክሮ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ መስተዋቱን ዘግቶ ሄደ። መምህር ነዋ! ማን ይጮህበታል?

ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።

«ቀላል ነው አክስትየ» አለችኝ። «አንድ ቦታ ላይ ያለ አንድ ቁጥር ነው። ማንም አያውቅም።»

ይኸን ስትል ፈራሁ። ልትለውጠው ነው ብየ ፈራሁ። ለውጪው እንዳልላት ውሸት ነው፤ አትለውጪው እንዳልላት ደግሞ የእንጀራዋ ጉዳይ ነው። እኔ ተናድጄ እሷ ሥራ ብታጣ ንዴቴ ምን ያደርግላታል?  እሷም አተሩን ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመረች። ጨርሳ ወረቀቱን ስታነሣ፣ መስኮቱ ፊት ስለሆነች፣ ወረቀቱ ብርሃን አሳለፈ። ወረቀቱ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ወዝቷል፤ ፓስቲ የተጠቀለለበት ይመስላል።

በጣቷ ነካችው። አሸተተችው። ከዚያ አንድ አተር አንሥታ በጣቶቿ መካከል አሸችው።

«ዘይት ነው» አለች።

ጎረቤቴን ጠራናት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«እትየ፣ ይኸን አተር ነክተውታል?»

«ነክተውታል ትላለች! ወገቤ እስኪቆረጥ ለቀምሁልሽ እንጅ!»

«ለቀሙት?»

«ታዲያስ! ያልተለቀመ እህል ይዘሽ ምሁራን ፊት ልትቀርቢ? የማን ቤት ልጅ ናት ይሉናል? የወዲያኛውን ቤት ሴቶች ጠራሁና ድንክየውን፣ የተሰበረውን፣ የተጨማደደውን አወጣንልሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንዱ ላይ የነቀዝ ቀዳዳ አየሁ። ሊበላብሽ ነው ብየ የኑግ ዘይት በመዳፌ አደረግሁና አሸት አሸት አደረግሁት። እንዴት እንዳበራ አላየሽም?»

ልጅቷ ሳቀች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለካስ መለኪያዋ አልተሳሳተም፤ ኮምፒውተሩም አልዋሸም። ፍሬዎቹን የለካችው ሳይቀቡ ነው፤ የከመረችው ከተቀቡ በኋላ።

ጎረቤቴ ተቆጣች። «ምኑ ነው የሚያስቀው? ነቀዝ ይብላው ብየ ልተወው ኖሯል? ይኸው ነው፤ ለሰው ማሰብ!»

ልጅቷ ተነሥታ ጉልበቷን ሳመቻትና ነገሩን ከሥር አስረዳቻት። ጎረቤቴ አዳመጠች።

«ታዲያ ዘይት የነካው ነገር ቢንሸራተት ምን ይደንቃል? ያ ኮምፒውተር ይኸን አያውቅም?»

«አልነገርሁትማ እትየ።»

«ንገሪዋ!»

ለማስረከቢያው ጥቂት ቀን ቢቀራትም እንደ አዲስ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ከገዛንባት፣ ከአንበሳሜ አተር ከምታመጣው ሻጭ ሌላ ያልተነካ ገዛን። ጎረቤቴ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንድትቆም ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ያልተነካው አተር ከመጀመሪያው ተለካ፤ ሲከመር ጥሩ አድርጎ ቆመ። ኮምፒውተሩ ከሠራው ጋር ቁጭ እኩል አልሆነም፤ ግን ቀረበ። ልጅቷ የቀረውን ልዩነት እንዳለ ጻፈችው።

ቀጥሎ የተቀባው መለካት ነበረበት። ይኸኛው አስቸገረ፤ ዘይት የጠጣ አተር ሙጫ አልቀበልም አለ። ካርቶኑን ስታነሣው ሦስቱም ይወድቃሉ። ጎረቤቴ ከቤቷ አረቄ አመጣች። ልጅቷ ሙጫው የሚነካውን ጎን ብቻ በአረቄ በራሰ ጨርቅ ጠረገችው፤ ያዘላት።

«ሰክሮ እንዳይንገዳገድና ደግሞ በእኔ እንዳታላክኪ!» አለች ጎረቤቴ።

አዲሱን ቁጥር ለኮምፒውተሩ ሰጠችው። እስኪጨርስ መብራቱ እንዳይጠፋ ሦስታችንም አምፖሉን እያየን ቁጭ አልን። አልጠፋም። ኳሶቹ ወረዱ፤ ተንሸራተቱ፤ ተዘረሩ። ልክ እንደዚያ እንደ ምንጣፉ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድም ቁጥር ወደምትፈልገው ሳትጎትት፣ ደረቁም ቅባታሙም ገጠመላት። አንድ ነገር ልታጣራ ተነሥታ ሁለት አጣራች።

ይኸን ስትጽፍ የሆነውን ሁሉ ጻፈች። አተሩን ጎረቤት ለነቀዝ ብላ እንደቀባችው፣ መለቀሙንም፣ እሷ በኋላ እንዳወቀች።

መምህሩ አንብቦ ደወለ። ስልኩን ክፍት አድርጋ እኛም ሰማን።

«ድንቅ ሥራ ነው! ድንቅ! አንድ ነገር ብቻ አስተካክይ። ‹ሆን ተብሎ በዘይት ታሽቶ› በይው።»

«ሆን ተብሎ አልነበረም መምህር።»

«ጎረቤት መጥታ ቀባችብኝ ተብሎ ይጻፋል? የትምህርት ክፍሉን መሳቂያ ልታደርጊው ነው?»

«የሆነው እሱ ነው።»

«እንግዲያው የእኔን ፊርማ አትጠብቂ።»

አያችሁ ሰውየውን? መጀመሪያ ያልተለካ ቁጥር አስገቢ አላት። እሱ ሲቀር ያልታሰበ ሐሳብ አስገቢ አላት። ቤቴን እየዞርሁ ብቻየን አወራሁ። የሚያመኝ ውሸቱ ብቻ አልነበረም፤ ሴትዮዋን ከነመዳፏ ጠርጎ ማውጣቱ ነው። ወገቧን ይዛ የለቀመች ሰው ስሟ መነሣቱ መሳቂያ ያደርጋል ተባለ፤ ላስቲኩ ያልተቀደደው መሣሪያ ግን ማንንም አላሳፈረም።

ጎረቤቴ ራሷ ግን ለዘብ አለች። «ተይው እቴ፤ እኔ ባልነሣስ ምን ቀረብኝ? ሆን ብየ ነው በይና ልጅት እለፊ።»

«ለእርስዎ ብቻ አይደለም እትየ» አለቻት ልጅቷ። «አስቤበት ከቀባሁት ምን ያህል ዘይት እንደሆነ መለካት ነበረብኝ። ሌላ ሰው አንብቦ ልድገመው ቢልስ? ስንት ልበለው?»

«አንድ መዳፍ በያ።»

«የእርስዎን መዳፍ ከየት ያመጣዋል?»

ወረቀቱን ሳትለውጥ አስረከበችው። እሱም እስከ መጨረሻው ሲያንገላታት ቆይቶ «መዋረድ ከፈለገች ትቅረብ» ብሎ ፈረመ፤ ይኸን ያለው ለጓደኞቿ ነው፣ እንዲደርሳት።

የምታቀርብ ዕለት እኔና ጎረቤቴ ነጠላችንን አጣፍተን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ክምሮቹን አሳየች። ከሌላ ቦታ የመጡት ፈታኝ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁ።

«ዘይቱ ምን ያህል ነበር?»

 መምህሩ ኮርኒሱን ያያል።

«አላውቀውም» አለች። «ጎረቤታችን ነቀዝ እንዳይበላው ብለው በመዳፋቸው ነው የቀቡት። እኔ ያወቅሁት ከከመርሁት በኋላ ነው። እዚያ ተቀምጠዋል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ፈታኙም ፈገግ አሉ፤ ግን አላለፉትም። «የተቀባው አተር የመንሸራተቱ ቁጥርስ ከየት መጣ?»

«ከዚያው ከተቀባው ከረጢት ወስጄ ለብቻው ለካሁት። ኮምፒውተሩ የሠራውን ክምር ያየሁት ከለካሁ በኋላ ነው።»

ፈታኙ ጽፈው ጽፈው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ፈታኞቹ ሲወያዩ ቆይተው ጠሯት፤ አለፈች። ቦታውም የእሷ ሆነ። እልል ልል ስነሣ ጎረቤቴ ቀደመችኝ።

ከዚያ ሰዉ ተነሥቶ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት፣ መምህሩም መጣ። ትከሻዋን ያዝ አድርጎ ለፈታኙ እንዲህ አላቸው፦ «እኔ ከመጀመሪያው የሆነውን እንዳለ ጻፊ ነው ያልኋት። ተማሪዎቼን የማሳድገው እንዲህ ነው።»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ጎረቤቴ ነጠላዬን ወደ ኋላ ጎተተችው።

«አላሉም» አልሁ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። በዙሪያችን የነበሩት ዞሩ። ፈታኙ ወረቀታቸውን መሰብሰብ አቁመው ቀና አሉ።

«አላሉም ጌታየ። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ሰውየው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «እናቴ ደክሟቸዋል፤ መንገዱ ይሆናል። ወንበር ስጧቸው» አለ።

«አልደከመኝም» አልሁት።